ቢጫው ጥላ

አውሮፕላኑ የወደቀው የሽንኩርት ማሳ ላይ ነው። የጭነት አውሮፕላን ስለሆነ መንገደኛ አልነበረበትም፤ ካፒቴኑና ረዳት አብራሪው ብቻ ነበሩ፣ ሁለቱም ሞተዋል። የተጫነው ጨርቅ ግን ገሚሱ እንደተጠቀለለ ማሳው ላይ ተበትኖ፣ አፈሩን ቢያራግፉለት ገበያ የሚወጣ ነበር። ሰው አልቆ ጣቃ መትረፉ ኢንስፔክተሯን ገና ከመኪና ስትወርድ አናደዳት።

ኢንስፔክተሯ አጭር፣ ቀጭን፣ ጡረታዋ የቀረበ ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ታውቃለች፤ «ከሚወጋ ነገር ሁሉ መርፌ ይሻላል፣ እሷ እንኳ ትሰፋለች» ብላ ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

ያስጠራት የአደጋ መርማሪው መሐንዲስ ነው። እሳቱ ካልደረሰበት የአውሮፕላኑ ጭራ አጠገብ ቆሞ በጨርቅ የያዘውን ነገር ገለጠላት። አጭር፣ እጀታው ወፍራም ካቻቢቴ ነበር። ብረቱ ወገቡ ላይ በሞረድ የተገዘገዘ የመሰለ ጥልቅ ጭረት አለው።

«ጭራውን የሚያዘው ይህ ገመድ ነው» አላት የተበጠሰ ሽቦ እያሳያት። «አብራሪው መሪውን ሲስብ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ሲገፋ ይወርዳል። ካቻቢቴው ገመዱና መዘውሩ መሃል ተሰንቅሮ አገኘነው። ከዚያ በኋላ መሪው ድንጋይ ነው፣ ሁለት ጎልማሳ ቢታገለውም ንቅንቅ አይልም።»

«ረስተውት ነው ወይስ ሰው ከቶት?»

«እሱን እንድትነግሪኝ ነው የጠራሁሽ።»

ኢንስፔክተሯ ካቻቢቴውን በፕላስቲክ ከረጢት አስገባች። የተገኘው ብረት ምን ዓይነት እንደሆነ ለማንም እንዳይነገር መሐንዲሱንም ሳጅኑንም አስጠነቀቀች። ሳጅኑ ረጅም፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነውና ለእሱ ደግማ ነገረችው።

የጥገና ሃንጋሩ ሰዎች ፖሊስን የተቀበሉት በጀርባቸው ነው። መዶሻው አልቆመም፣ ማንም ቀና አላለም። ሳጅኑ «እንደምን ዋላችሁ» ቢል ሰላምታው የቆርቆሮው ጣሪያ ድረስ ወጥቶ ለራሱ ተመለሰለት።

ወደ እነሱ የመጡት ዋና ሜካኒኩ ብቻ ናቸው። አንዲት ብሎን መሬት ላይ ካዩ የጣላት ሰው እስኪገኝ ስለማይቀመጡ ሠራተኛው «ጋሼ ጥንቅቅ» ይላቸዋል። የሞተው ረዳት አብራሪ አንድያ ልጃቸው ነበር። ቀብረውት ወዲያው ሥራ ገብተዋል፤ የሰው ማጽናናት አልፈለጉም።

«እግዜር ያጥናዎት» አለቻቸው ኢንስፔክተሯ።

«ማጽናናቱን ተዪውና ገዳዩን ያዢልኝ» አሉ። ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረታቸው ሄዶ ዳበስ አድርጎ ተመለሰ። ልባቸው ቢያማቸው ነው ብላ አዘነችላቸው።

ይዘዋት የሄዱት የመሣሪያ ሰሌዳው ፊት ነው። ግድግዳውን የሸፈነ ጥቁር ሰሌዳ ሲሆን እያንዳንዱ መፍቻ፣ ፒንሳና መዶሻ የሚሰቀልበት ቦታ በራሱ ቅርጽ ልክ ቢጫ ተቀብቷል። ሠራተኛው ያን ቢጫ ቅርጽ «ጥላ» ይለዋል። መሣሪያው ሲሰቀል ጥላው ይሸፈናል፣ ሲነሳ ደግሞ ቢጫው ከሩቅ ይጮሃል። መሣሪያ የሚያነሳ ሰው የናስ ቁጥሩን በቦታው ሰቅሎ ይሄዳል፤ ሰሌዳው ላይ አንድ ቢጫ ወይም አንድ ናስ እየታየ አውሮፕላን አይነሳም። ደንቡን ያወጡት ጋሼ ጥንቅቅ ራሳቸው ናቸው።

«ከሰሌዳዬ የጎደለ አለ?» አሉ። «ሰው ረስቶት ቢሆን ኖሮ ጥላው ባዶውን ይታይ ነበር። ጭራው ውስጥ አገኛችሁ የሚባለው ብረት የዚህ ቤት አይደለም፣ ከውጭ የገባ ነው። ከውጭ ብረት ይዞ ጭራ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ሊጠግን አልገባም።»

ክርክሩ ውሃ የሚያነሳ ነበር። ኢንስፔክተሯ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፣ ሙሉ ነው። ከአንድ አጭር ካቻቢቴ ጫፍ ሥር ብቻ የጥፍር ያህል ቢጫ ብቅ ብሎ አየች። የቀቢው እጅ አምልጦት ይሆናል ብላ አለፈችው።

ጭራው ውስጥ መጨረሻ የገባው ማን እንደሆነ ስትጠይቅ ጋሼ ጥንቅቅ ስም አልጠሩም፤ በአገጫቸው ጠቆሙ። ኮስታራው የሚሉት ሜካኒክ እጁን በቤንዚን እየታጠበ ነበር። ከካፒቴኑ ጋር ሠራተኛው ሁሉ እያየ ተጣልቷል። ካፒቴኑ «ብሎን አጥባቂ» ብሎ ሲሰድበው «አንተም አንድ ቀን እንደ ድንጋይ ትወርዳለህ» ብሎ መልሶለት ነበር። ይህን የሰማው ብዙ ጆሮ ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ እጄ ላይ ተዪልኝ» አሉ ጋሼ ጥንቅቅ። «ፖሊስም ፍርድ ቤትም አያስፈልገውም።»

ኮስታራው ሲያዝ አልታገለም። ሳጅኑ ሲፈትሸው ከቱታው ኪስ አጭር ካቻቢቴ አገኘና ፊቱ በራ። ጣቢያ እስኪደርሱ «አንዱን በኪሱ የያዘ ሌላውን ጭራ ውስጥ መሰንቀር አያቅተውም» እያለ ደጋገመ።

የምርመራው ክፍል ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ያለው ነው። ኮስታራው ተቀምጦ ግድግዳውን አየ። ካፒቴኑን ትጠላው ነበር ወይ ስትለው አዎ አለ። ዝተህበታል ስትለውም አዎ አለ። ብረቱን አንተ ነህ የከተትከው ስትለው ግን ዝም። ለምነችው፣ ጮኸችበት፣ ሁለት ነፍስ የጠፋበት ክስ ምን እንደሚያስከትል ዘርዝራ ነገረችው። በመጨረሻ አፉን ሲከፍት ያለው አንድ ነገር ነው።

«ያሰባችሁትን ጻፉና ልፈርም።»

ሰው አልገደልኩም የሚል ሰው በዚህች ወንበር ላይ ብዙ አይታለች፤ አብዛኞቹ ገድለዋል። ፈርሜ ልገላገል የሚል ግን ብዙ አላጋጠማትም። ይህ እንቅልፍ ነሳት፣ አለቃዋ ደግሞ ነገሩን ቶሎ ዝጊው እያለ ስልክ ይደውላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ስልኩን አታነሳም ነበር።

የጭነት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ስትገባ ቁጭ በይም አላላት። ገዳዩ ተይዟል፣ አውሮፕላኖቼ ቆመዋል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አለ። ቀጥሎም «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ጀመረ፤ ይህን ብሎ የሚጀምር ሰው ሙቱን ሳይወቅስ አይጨርስም። ካፒቴኑ ትዕቢተኛ ነበር፣ ከተፈቀደው ክብደት በላይ ጭኖ ሳይነሳ አይቀርም አለ። ሳጅኑ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሄዶ የጭነቱን ክብደት ሲያጣራ ዋለ። ክብደቱ ልክ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን ሬሳ ላይ ለመደፍደፍ መቸኮሉን ብቻ አወቁ።

የካፒቴኑ ሚስት ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ ነው ያነጋገረቻቸው።

«ባሌን አጥንቱ ሳይደርቅ ሰካራም ልታደርጉት ነው የመጣችሁት?»

ኢንስፔክተሯ እንደዚያ አለመሆኑን ነገረቻት። ጠቡ ከምን እንደተነሳ ብቻ ማወቅ እንደምትፈልግ አስረዳቻት። ሴትዮዋ እጀታውን ሳትለቅ ነገረቻቸው።

ባሏ ከጠቡ በፊት ከመቀመጫው ሥር የእጅ ባትሪ አግኝቶ ነበር። ሜካኒክ የረሳው ነው። ወስዶ ሃንጋሩ ወለል ላይ ወረወረላቸው። እነሱ ግን ሰሌዳቸውን አሳዩት፤ የባትሪው ቦታ ሙሉ ነው፣ እንግዲህ ይህ የኛ አይደለም አሉት። ከዚያ ነው ስድቡ የመጣው።

«ቤት የገባው እየተሳደበ ነው» አለች። «‹ያ ሰሌዳ ይዋሻል› አለኝ። ሲበር መሞቱን አልፈራም፣ በውሸት መሞቱን ነው የፈራው። አሁን ሂዱልኝ።» በሩ ተዘጋ።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ግማሽ ወርዳ ቆመች። የጥፍር ያህሏ ቢጫ ትዝ አለቻት።

ሃንጋሩ ሲደርሱ ጋሼ ጥንቅቅ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደው አልነበሩም። ኢንስፔክተሯ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ጫፉ ሥር ቢጫ የሚታየውን አጭር ካቻቢቴ አወረደችና ከወደቀው አውሮፕላን የተገኘውን ከነፕላስቲኩ ቦታው ላይ ያዘችው። ከእጀታ እስከ ጫፍ ገጠመ። ቢጫው ጠፋ።

መዶሻውም ቆመ።

«ሁላችሁም ኪሳችሁን አራግፉ» አለች የኮስታራው ኪስ ትዝ ብሏት።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ ትከሻው በር የሚያህል ሰውዬ፣ መሃላቸው ገብቶ «ሴትዮ፣ ከዚህ ብትወጪ ይሻልሻል» አላት። እሷም ካቻቢቴውን አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። የኮስታራው ባልደረባ ከሆንክ ይህ ሰው በነፍስ ግድያ ሊከሰስ መሆኑን እወቅ አለችው። ዝም ካልክ ያስፈረድክበት አንተም ነህ አለችው። ሰውየው እሷንና ብረቱን እያፈራረቀ አየ፣ ከዚያ ከቱታው ኪስ አንድ አጭር ካቻቢቴ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ካቻቢቴው በካቻቢቴ ላይ ተከመረ።

የነገሩን ሥር በግድ በግድ ነገሯት። መሣሪያ ከጠፋ ሃንጋሩ ይዘጋል፣ ማንም ቤቱ አይሄድም፣ አውሮፕላኑ ይዘገያል። አውሮፕላን ያዘገየ ሰው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ያባርረዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አጭሩ ካቻቢቴ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ከገበያ አንድ አንድ ገዝቶ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ባልደረባው የጠፋበት እንደሆነ ዝም ብሎ አውጥቶ ይሰቅልለታል። ሌላ ሌላውን መሣሪያም ቢሆን ከጎደለ ከቤቱ አምጥቶ የሚተካ አይጠፋም። ምትኳን «የእንጀራ እናት» ይሏታል፤ የእናትን ቦታ ይዛ እናት ስለማትሆን ነው አሉ፣ አንዱ ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

«ለወንድምህ ብለህ ነው» አለ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ። «ክፋት የለበትም።»

«ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር» አለችው። «ክፉ ሰው አንድ ነው፣ ይያዛል። እናንተ ግን ሰሌዳውን ተረዳድታችሁ ውሸታም አደረጋችሁት።» ተቆጥታ ነበር፤ ቁጣዋን ልትሸሽግም አልሞከረችም።

አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ሰሌዳው ላይ የተሰቀለችው የእንጀራ እናት የማን ናት? የሁሉም ጠረጴዛው ላይ አለች። የኮስታራውም ጣቢያ ናት፣ ሳጅኑን ያስደሰተችው ያቺው። እዚህ ካሉት የማንም ኪስ አልጎደለም።

ያልተፈተሸው እዚህ የሌለው ሰው ብቻ ነው። ኢንስፔክተሯ የጋሼ ጥንቅቅ ወደ ደረት የሚሄድ እጅ ፊቷ ድቅን አለባት። ልብ ፍለጋ አልነበረም የሚሄደው። ኪስ ነበር የሚዳብሰው፣ ለዓመታት የለመደውን ነገር አጥቶ። የመሣሪያ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

ጣቢያ ስትመለስ ኮስታራው እንደተለመደው ግድግዳውን እያየ ነበር። ኢንስፔክተሯ ከጭራው የተገኘውንና ከኪሱ የወጣውን ካቻቢቴ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችና ሰሌዳው ላይ ምትኳን የሰቀሉት ጋሼ ጥንቅቅ መሆናቸውን እንዳወቀች ነገረችው። ያኔ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ካወቅሽ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ከዚያ ግን ተናገረ። የጭራውን ክዳን ገጥሞ ሲመጣ አንዱ ጥላ ከናስ ቁጥሩ በቀር ባዶ ነበር። ካቻቢቴውን ውስጥ ረስቶታል። እንደ ደንቡ ሄዶ ለጋሼ ጥንቅቅ አስታወቀ፣ ጭራው ይከፈት አለ። የልጃቸው የመጀመሪያ በረራ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ይጮሃል። ጋሼ ጥንቅቅ ኮስታራውን ከላይ እስከ ታች አዩት። በካፒቴኑ ላይ ቂም ይዘህ የልጄን ቀን ልታበላሽ ነው አሉት። ካቻቢቴው የትም አልጠፋም፣ የደበቅከው አንተ ነህ አሉት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን አውጥተው ሰቀሉና «ይኸው ተገኘ» አሉ። ይህ የኔ አይደለም ብሎ ሲከራከር ዘበኛ ጠርተው ክንዱን አስይዘው አስወጡት።

«የረሳሁት እኔ ነኝ፣ እሱን አልክድም» አለ። «ዘበኛው አጥሩ ሥር ትቶኝ ሄደ። ሮጬ ጎማው ፊት ብተኛ ያቆሙት ነበር። ተናድጄ ቤቴ ገባሁና እራቴን በላሁ።»

«ለምን ዝም አልክ ታዲያ?»

«አልወዳቸውም፣ ለእሳቸው ብዬ እንዳይመስልሽ» አለ። «ግን ልጃቸውን ቀብረው የመጡ ሰው ናቸው። ልጅዎን የገደሉት እርስዎ ነዎት ብዬ በምን አፌ እላቸዋለሁ? አንቺ በያቸው። ደሞዝ የሚከፈልሽ ለዚህ ነው» አላት።

ሃንጋሩ ፊት ሌላ የጭነት አውሮፕላን ጭነቱን ጨርሶ በሩ እየተዘጋ ነበር። ጋሼ ጥንቅቅ ኢንስፔክተሯን ሲያዩ ወደ እሷ መጡ።

«አመነ?»

«ሰሌዳው ጋ ይምጡ» አለቻቸው።

ምንም ሳትናገር የተሰቀለውን አወረደች። ጥላው ፊታቸው ላይ ቢጫ ሆነ። ከዚያ የተቧጠጠውን ካቻቢቴ ከፕላስቲኩ አውጥታ ሰቀለችው። ጥላው በልኩ ተሸፈነ። ሽማግሌው የብረቱ ወገብ ላይ ያለውን ጭረት አዩ፤ ገመድ ምን እንደሚሠራ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። ጨርቁ ካቻቢቴ በኖረበት በኩል ሳስቶ ነበር። እጃቸው ዳብሶ አልተመለሰም፣ እዚያው ቀረ።

«ኮስታራው ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ካወቅኩ በኋላ ነው ያመነልኝ።»

«ለምን አልተናገረም? እኔ እጄ ላይ ተዪልኝ እያልኩ...»

የተናገረውን እንዳለ ነገረቻቸው፣ አላለዘበችውም። ማዘን አምሯት ነበር፤ ግን ሁለቱን አስከሬን ያየችው እሷ ናት፣ እኚሁ ሽማግሌ ደግሞ ያልገደለውን ሰው በገዛ እጃቸው ሊያንቁት ፎክረዋል። ልቧ ለሐዘኔታውም ለቁጣውም አልበቃ አለ።

«የመጀመሪያ በረራው ነበር» አሉ። «እንዳይዘገይ ብዬ ነው። ለልጄ ብዬ ነው።» ድምፃቸው ደረቅ ነበር። ከአንገታቸው የናስ ቁጥራቸውን አወለቁና ከተቧጠጠው ካቻቢቴ ላይ ሰቀሉት።

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ሽማግሌው ግን ከሰሌዳው አልራቁም። ዓይናቸው በሰሌዳው ርዝመት ሄደ፤ እጃቸው ተከተለ። አንድ የእጅ ባትሪ አውርደው ጣሉ። አንድ ፒንሳ አወረዱ። ከሩቅ ሙሉ የሚመስለው ሰሌዳ እዚህም እዚያም ቢጫ መሆን ጀመረ። የትኛው እናት፣ የትኛው የእንጀራ እናት እንደሆነ ሁሌም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን ትተው ቆሙ።

ውጭ የአውሮፕላኑ ሞተር ሳል ሳል አለና ተነሳ።

ጋሼ ጥንቅቅ ፒንሳውን እንደያዙ ዞሩ። «የዚህኛው እናት የጠፋችው እዚያኛው አውሮፕላን ላይ ስንሠራ ነው» አሉና በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ።

«እያመለጡ ነው!» ብሎ ሳጅኑ ሊከተል ሲል ኢንስፔክተሯ እጅጌውን ያዘችው። «ተዋቸው» አለች።

ሽማግሌው አስፋልቱን አቋርጠው ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር፣ ጎማው ፊት ቆሙ። ሁለት ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አመሳቀሉ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ የሚያውቀው የ«ቁም» ምልክት ነው። አውሮፕላኑ ትንሽ ወደፊት ተንፏቀቀ። አልተነቃነቁም። አብራሪው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሰደባቸው፣ ገና ልጅ ነው፣ ከልጃቸው እኩያ ቢሆን ነው። ከዚያ ሞተሩ እያለቀሰ ወርዶ ጠፋ።

ክንዳቸውን አላወረዱም። «ጭራውን ክፈቱ» አሉ ወደ ኋላቸው ጮኸው።

ቆርቆሮ ቀጥቃጩ መሰላል ይዞ ወጣ። ክዳኑን ፈታ፣ እስከ ትከሻው ገባ፣ ብዙ ዳበሰ። ሲወርድ እጁ ላይ ፒንሳ ነበር። ለፖሊሶቹ አላሳየም፣ ለአለቃውም አልሰጠም፤ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄዶ ጥላው ላይ ሰቀለው።

ጋሼ ጥንቅቅ ይህን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው እጃቸውን ለካቴናው የሰጡት።